ሻምበል ዛሬ አልጮኸም እንዴ?

የወንድሜን አውራ ዶሮ የገደልኩት እኔ ነኝ።

ይኸው፣ አልኩት። በስድስት ቃል የሚያልቅ ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክሜ ዞርኩ። ሰው «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሆድ ግን አይፈጅም፤ ያስቀምጣል እንጂ። ሳይሻግት፣ ሳይበላሽ፣ እንዳለ ያስቀምጣል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድሜ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፤ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ትዳር ለሁለታችንም አልሆነም። የእኔ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ፤ የእሱ ለመፍረስም አልበቃ፣ ከነጭራሹ አልተጀመረም። ስለዚህ የወላጆቻችንን ቤት ተካፍለን ኖርን። መንገድ ዳር ያለው ክፍል የእኔ የስፌት ክፍል ሆነ፣ ጓሮውን የሚያየው የእሱ፣ ጓሮው ደግሞ የዶሮዎቹ። ማንም ማንም ጋ አይደርስም ተባብለን ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን በዚህ ውል ላይ አልፈረሙም። ስንት ጊዜ የተቆረጠ ሱሪ ላይ ኩሳቸውን ጥለው እንደሄዱ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዶሮዎቹ ለእንቁላልም ለሥጋም አልነበሩም። ለላባ ነበሩ። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። «ታዲያ ላባው ይበላል?» ይሉኛል። እኔም ድሮ እስቅ ነበር። ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ከአንገቱ እስከ ጭራው እያንዳንዱ ላባ ነጭ ሆኖ፣ ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር የዞረው ዶሮ። ነጭ ጨርቅ ጠርዙ በጥቁር ክር ሲዘመዘም አይታችሁ ከሆነ እሱን ነው። «ባለ ጥለት» ብዬ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ወደደው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። መስመሩ ጀርባ ላይ ሲያምር ደረት ላይ ይጠፋል። ደረት ላይ ሲመጣ ደግሞ ጭራው ከሰል ይሆናል። የአባቱን አንገት ይዞ፣ የእናቱን ክንፍ የትም ጥሎ የመጣ ጫጩት ይፈለፈላል። ወንድሜ አንዱን ከአንዱ እያጋባ፣ ያልሆነለትን ለጎረቤት እየሰጠ አሥራ አንድ ዓመት ለፋ። በአሥራ አንደኛው ዓመት ሻምበል ተፈለፈለ።

ሻምበልን እንዴት ልንገራችሁ? ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን አንስቶ፣ ወታደር ሊቆጣጠር እንደወጣ አለቃ ነበር የሚራመደው። ስሙም ከዚያ ነው የመጣ። አንድም ላባ አልተሳሳተም። ወንድሜ በአጉሊ መነጽር ከአንገት ጀምሮ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲጨርስ ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። ጩኸቱ ደግሞ የሌላ አይደለም። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ይወረውረውና መጨረሻው ላይ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ «ክህ» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር። በሳሉ የተነሳ «ሳላሙ» ይሉታል።

የጌጥ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር የሚባል አለ። ሦስት ትውልድ በተከታታይ፣ አንድም ጫጩት ሳይሳሳት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ከተፈለፈለና የእያንዳንዱ እናትና አባት በደብተር ላይ ከታወቀ፣ አዲስ ዘር ነው ብለው በአርቢው ስም ይመዘግቡታል። ወንድሜ የሚኖረው ለዚህ ነበር። «ልጅ የለኝም እትዬ፤ ሰው ስሜን የሚጠራበት ይሄ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ስምህ በየሱቁ ሰሌዳ ግርጌ ተጽፎ የለ?» ብዬ እቀልድበታለሁ። አይ እኔ!

ከዚያ የስኳር በሽታ ተነሳበት፤ ዓይኑንም ያዘው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ሲገባ የተናዘዘው ስለ ራሱ አልነበረም። «ሻምበልን አደራ» ነው ያለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ከባድ ዝናብ ዘነበ። የሻምበል ቤት ለብቻው ነበር፤ በሽቦ የታጠረ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። እንዳይበሰብስ ብዬ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ሸፈንኩት፣ ዳሩን በድንጋይ ያዝኩት። ከዚያ ወደ ስፌቴ ሄድኩ። የአርባ ተማሪዎች ዩኒፎርም ነበረብኝ። ዝናቡ ቆመ፤ አላየሁትም። ፀሐይ ወጣች፤ እሷንም አላየኋት። ኪስ እየገጠምኩ፣ ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቅኩ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገቤን ላፍታታ ብዬ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል በላብ ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል።

ክው አልኩ። ሻምበል በጎኑ ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ክንፎቹን ዘርግቶ አገኘሁት። ሰውነቱ ገና ይሞቅ ነበር። ውሃ ረጨሁበት፣ አራገብኩለት፣ ስሙን ጠራሁት። ዶሮን በስሙ እየጠራሁ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ነበር።

ከውሃ ታንከሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት። ቁጥር አንድ የሚለውን ቀለበት ከእግሩ አውልቄ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

እዚህ ላይ ብናገር ኖሮ ተረቱ ያልቅ ነበር። ግን ማን ይናገራል? ዓይኑ እየጠፋ ያለን ሰው፣ «አሥራ አንድ ዓመት የለፋህበትን በላስቲክ አፍኜ ገደልኩልህ» ብሎ በየትኛው አፉ ይናገራል? ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የወፍና የዶሮ ገበያ አለ። አራት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አንዱን አገኘሁ፤ ባለ ጥለት፣ ደረቱ የተነፋ፣ ቁመቱም ያው።

«አባቱም እንዲህ ነው?» አልኩት ሻጩን።

«አባቱን እኔ የት አውቀዋለሁ እትዬ» አለኝ እየሳቀ፣ «እሱ ራሱ መች አወቀውና!»

ቤት አምጥቼ የሻምበልን ቀለበት አጠለቅኩለት። ጭራው ሥር ሦስት ላባዎች ጥቁረታቸው በዝቶ ነበር፤ በወረንጦ ነቀልኳቸው። እያንዳንዱን ላባ ከወንድሜ ደብተር ላይ ከተለጠፈው የሻምበል ላባ ጋር አስተያየሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የጨርቅ ቀለም ማመሳሰል እንጀራዬ ነው። ሥራዬን ስጨርስ እኔ ራሴ ሻምበል ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጣ። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ነገርን አፍንጫው ሥር አድርጎ በአጉሊ መነጽር ካላየ ግን አያነብም። ዶሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጬለት ዳበሰው፣ አንገቱን፣ ደረቱን፣ ክንፉን። ምንም አላለም። ተመስገን አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እየቀዳሁለት ዶሮው ጮኸ። ሙሉ፣ ክብ፣ ያማረ ጩኸት። መጨረሻው ላይ «ክህ» የለም፣ ምንም የለም።

ወንድሜ ብርጭቆውን ሊቀበለኝ የዘረጋውን እጅ መለሰው። ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ሻምበል ዛሬ አልጮኸም እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሁሉን ላባ አንድ በአንድ አመሳስዬ ድምፁን ረስቼው ነበር። ላባ ላባ ሲባል የኖረበት ቤት፣ ዓይን እንጂ ጆሮ ማን ትዝ ይለዋል? ግን አፌ ቀደመኝ። «አሁን ጮኸ እኮ! ጆሮህም እንደ ዓይንህ ሆነ እንዴ?» አልኩት። እንዲህ አልኩት፣ በዚህ አፌ።

«እሺ» አለ። ሻዩን ጠጣ።

በማግስቱም ጠየቀኝ። ከማግስቱም በኋላ። ዶሮው ጮሆ ገና ሳይጨርስ፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «እትዬ፣ ሻምበል ዛሬ አልጮኸም እንዴ?» ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። አንዳንዴ እቀልዳለሁ፣ አንዳንዴ እጮህበታለሁ፣ አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የስፌት መኪናዬን አስነሳለሁ። ሕመሙ ጭንቅላቱን ነክቶት ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ጅል አይደለሁም፤ ነገሩ እንዳይገባኝ ስለፈለግኩ ነው።

ዓይኑና እጁ ሆንኩለት። ጫጩት ሲያድግ ከደረቱ አንድ ላባ ነቅዬ ደብተሩ ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ፣ እሱ ይነግረኛል እኔ እጽፋለሁ። ቀለም፣ የመስመሩ ውፍረት፣ እናት፣ አባት። የዚያ የገበያ ዶሮ ልጆች ዘንድ ስንደርስ ግን እንዲህ እንባባላለን።

«እናት?»

«አሥራ ሰባት።»

«አባት? አንድ ልበል?»

«አባቱን ክፍት ተዪው።»

«ሻምበል አይደለም እንዴ? ለምን ክፍት እተወዋለሁ?»

«የሚሞላው ሰው አለ፤ ይሞላዋል።»

እሺ ብዬ ክፍት እተዋለሁ። የአርቢዎች ነገር ነው፣ ምን አገባኝ፣ ብዬ። ደግሞ ሌላም አለ። የዚያ ዶሮ ዘር የሆነ ሁሉ ሰማያዊ ቀለበት ይደረግለታል። የድሮዎቹ፣ የእነ ሻምበል ዘር፣ ቀይ ነው። «ሰማያዊን ከቀይ እንጂ፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ እንዳታጋቢ» ብሎ ያስጠነቅቀኛል። «የዶሮ ሽማግሌ ሆነህ አረፍከው!» እለዋለሁ። ይስቃል። ከልቡ ይስቃል፣ እኔንም ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ጠዋት ይነጋል።

የገበያው ዶሮ በአራተኛው ዓመት ሞተ። ወንድሜ ጥያቄውን አላቆመም፤ ከልጆቹ አንዱ በጮኸ ቁጥር ይጠይቀኛል።

ሊሞት ሲል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ረፋድ ነው። ጓሮ ውስጥ አንዱ አውራ ጮኸ። ወንድሜ ዓይኑን ሳይከፍት፣ «እትዬ» አለኝ።

«አቤት።»

«ሻምበል አልጮኸም እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩት። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ተኛ፣ ይጮሃል» አልኩት። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ስለ ደብተሩ አደራ አለኝ፤ ሦስተኛው ትውልድ ሲያድግ መዝጋቢውን ጥሪው፣ ሁሉን አሳዪው፣ በስሜ ይመዝግቡልኝ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እኩለ ቀን ላይ አንገትጌ እየገጠምኩ ሳለሁ ከጓሮው ጩኸት ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ፣ ከዚያ «ክህ»።

መርፌው ጣቴ ላይ ተሰካ። ሮጬ ወጣሁ። አውራዎቹ ጥላ ውስጥ ተኝተዋል፣ አፋቸውን የከፈተ የለም። ሴቶቹ ግን ከታንከሩ ሥር ተሰብስበው መሬቱን ይጭራሉ። ደረቅ መሬት ነው፤ ትልም የለው፣ ጥሬ የለው። በተን አደረግኋቸው፤ ተመልሰው መጡ። የድንጋይ ንጣፍ አምጥቼ ጫንኩበት። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ሰማሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ በጠራራ ፀሐይ። ፈራሁ። በራሴ ቤት፣ በቀን፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ዶሮ ፈራሁ። የወንድሜን ክፍል መስኮት ዘጋሁት፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ከዚያ ደግሞ አሳዘነኝና መልሼ ወደ ጓሮው አዞርኩት።

ወንድሜ፣ ለምን እንደሆነ ባይነግረኝም፣ ሁለቱን ትውልድ ብቻ ደጋግሞ ሲያስፈለፍል ስለኖረ ሦስተኛው ገና መፈልፈል ነበረበት። ባለ ቀይ ቀለበቶቹ ግን አርጅተው አልቀዋል፤ የቀሩኝ ሰማያዊ ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ? ሰማያዊን ከሰማያዊ አጋባሁ። እንቁላሉን ማስፈልፈያው ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ። በሃያ አንደኛው ቀን ሃያ አንድ ጫጩት ወጣ። የእኛ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ግራጫ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ። ሃያው እንዲያ ነበሩ።

አንዱ ቢጫ ነበር። ንጹሕ ቢጫ፣ አንድም ጥቁር ነጥብ የሌለበት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ቢጫ ጫጩት ሲያድግ ጥለት አልባ ነጭ ነው የሚሆነው፤ ያ የገበያ ዶሮ ይሄን ነጭነት ደሙ ውስጥ ደብቆ መጥቶ፣ ልጆቹም ደብቀው ይዘውት፣ ሁለት የደበቁ ሲገናኙ ብቅ አለ። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሰማያዊን ከሰማያዊ የለየው ለዚህ ነበር። ያኔ ሙሉ በሙሉ ገባኝ። ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ደንቡ የተፈለፈለ ሁሉ ይጻፍ ነው የሚለው። ቢጫውን ከጻፍኩት የወንድሜ ስም ቀረ። ስለዚህ ባልዲ ውሃ ሞላሁ። ጫጩቷን፣ ጫጩቱን ልበል፣ በመዳፌ ይዤ ቁጭ አልኩ። ልቡ ጣቶቼ መሃል ድው ድው ይላል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንዱን መግደሌ ይበቃኝ ነበር። ውሃውን ለአትክልት ደፋሁትና ጫጩቱን በጨርቅ ጠቅልዬ የስፌት ክፍሌ ወስጄ፣ መኪናዬ ሥር ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። ደብተሩ ላይ «የተፈለፈለ፦ ሃያ» ብዬ ጻፍኩ።

አምስት ወር ከእኔ ጋር ኖረ። አደገ፤ አንሶላ የመሰለ ነጭ አውራ ሆነ። የሚገርመው፣ አይጮህም። ወንድሞቹ ጓሮ ውስጥ ድምፅ ማውጣት ጀምረው፣ እሱ አንዲት ነገር አይተነፍስም። ዲዳ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ፣ ማንም አይሰማብኝም ብዬ። ብቻ ይቆምና ያየኛል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ነገር እንደጠየቀ ሰው፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ስንት ጊዜ «ምን ትፈልጋለህ?» ብዬ ጮኼበታለሁ። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ከማን ጋር ነው የምትነጋገሪው ይሉኛል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ነዋ ያለው።

መዝጋቢው በቀጠሯቸው ቀን ረፋድ ላይ መጡ። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ አጉሊ መነጽር በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ሰፈር የሚሰማ ሰው ናቸው። የወንድሜ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ እነ ሻምበል በነበሩበት ጊዜ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሃያውንም ዶሮ አንድ በአንድ አንስተው አዩ። ክንፍ ዘረጉ፣ ጭራ ገለጡ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። እኔ ቁሜ፣ ጀርባዬን ለስፌት ክፍሌ በር ሰጥቼ፣ ጥፍሬን እየበላሁ።

«ወይ ወንድምሽ!» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ እንከን የለም። ይሄን ሳያይ መሄዱ አንጀቴን በላው። በይ ደብተሩን አምጪው፣ እፈርማለሁ።»

ብዕራቸውን አወጡ። ገጽ በገጽ እየገለጡ መጡና ቆሙ።

«ይሄ ክፍት ምንድን ነው?»

«እ... እሱ እንኳ... ወንድሜ ተዪው ስላለኝ ነው። ረስቶት ይሆናል ጋሼ።»

«ወንድምሽ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ወንድምሽ የሱቅ ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ሲረሳ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ጋ የአባት ቦታ ክፍት የሚተወው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ አባቱ ከውጭ የመጣ እንደሆነ። ደብተር የያዘው ሰው አይሞላውም። ዶሮውን ያመጣው ሰው ነው፣ በራሱ እጅ፣ ከየት እንዳመጣው የሚጽፈው። የድሮ ደንብ ነው። ማን ነው ያመጣው?»

«ማንም አላመጣም» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። «የሻምበል ልጆች ናቸው። ቁጥር አንድ ብለው ይጻፉት።»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ከኋላዬ፣ ከተዘጋው በር ውስጥ፣ ጮኸ።

ሦስት ጊዜ ወደ ላይ። ከዚያ «ክህ»።

በሩን ተደግፌ ቀረሁ። ብዕሩ ከመዝጋቢው እጅ ወደቀ። እኔ ብቻዬን የምሰማው ነበር የመሰለኝ፤ እሳቸውም ሰምተውታል።

«ይሄ ሳላሙ ነው» አሉ፣ ያ ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቶ። «ይሄ ሻምበል ነው። ሻምበልን የት ነው የደበቅሽው?»

«ገድዬዋለሁ» አልኩ።

አወጣሁት፣ ሁሉንም። ዝናቡን፣ ላስቲኩን፣ ዩኒፎርሙን፣ ታንከሩን፣ ሻጩን፣ ወረንጦውን። እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት፤ ሲጀምረኝ ማቆም አቃተኝ። ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ነጩ አውራ ካርቶኑ ላይ ቆሞ ነበር። እንደ አለቃ እግሩን እያነሳ በመሃላችን አልፎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሽማግሌው ብዙ ጊዜ አዩት። «ላባው የገበያው ነው» አሉ። «ድምፁ ግን በእናቶቹ በኩል የሻምበል ነው። ድምፅም እንደ ላባ ይወረሳል ልጄ፤ ተደብቆ ይቆይና ይመጣል።»

«አሁን ምን ይሆናል? የወንድሜ ስምስ?»

«ክፍቱ ይሞላል። ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ሦስት ትውልድ እንደገና ይቆጠራል። በዓመት አንድ፣ ሦስት ዓመት ነው።»

ሦስት ዓመት። ጣቴን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ወንድሜ ክፍት ተዪው ማለት ከጀመረ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት ብናገር፣ ሦስቱ ዓመት አልቆ፣ ሌላ ሦስት ዓመት ይተርፈው ነበር። ወረቀቱን በእጁ ይይዘው ነበር። አፍንጫው ሥር አድርጎ፣ በመነጽሩ፣ የገዛ ስሙን ያነበው ነበር። ዶሮውን የገደለው ላስቲክ ነው እንበል። ይሄን ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በየጠዋቱ፣ አስቤበት።

«ለምን አልጠየቀኝም?» አልኩ። «አንድ ቀን እንኳ ለምን ቁጭ አድርጎ አልጠየቀኝም?»

ሽማግሌው ብዕሩን ከመሬት አንስተው፣ በልብሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። «አልጠየቀሽም?» አሉ።

ብዕሩን ተቀበልኳቸው። ደብተሩን ወንድሜ ክፍል ይዤ ገባሁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍቶቹ ብዙ ናቸው፤ አርባ ሦስት። ሁሉም ላይ አንድ ነገር ጻፍኩ፤ «ከገበያ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እህቱ።» እጄ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሃያ የሚለውን ሰርዤ ሃያ አንድ አደረግኩት፤ ነጩንም ጻፍኩት፣ ላባውንም ለጠፍኩለት።

መዝጋቢው ቀኑን ጽፈው፣ ሳይፈርሙ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። «ከዛሬ ይቆጠራል» ብለውኛል። ሦስት ዓመት ዕድሜ ከሰጠኝ እቆጥራለሁ።

ያን የዘጋሁትን መስኮት ከፈትኩት። ነጩ አውራ ታንከሩ ሥር፣ የጫንኩት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆሟል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። ከዚያ ቀና አለና ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ፣ ከነሳሉ።

«አዎ ወንድምዬ» አልኩ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። «ከዚያች ቀን ወዲህ አልጮኸም ነበር። ዛሬ ጮኸ።»